ከአትላንታ እስከ በርሚንግሃም፦ ጥቁር ከንቲባ ፍለጋ በአሜሪካ ደቡብ መንገድ

ሰኞ፣ አትላንታ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2023 ጀምሮ አትላንታ ድረስ ይበራል። (ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ታሪኩ የእነሱ ስለሆነ እንዳንደናገር።) አውሮፕላኑ የሚያራግፈን ተርሚናል በሰው ስም የተሰየመ ነው፦ ሜይናርድ ጃክሰን። መንገደኛው ግን ቀና ብሎ ስሙን የሚያይበት ጊዜ የለውም። የኢሚግሬሽን ሰልፍ የሚጠብቀው ሰው ምን ታሪክ ያነባል?

ጃክሰን የአትላንታ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ነው። በ1973 ሲመረጥ 35 ዓመቱ ነበር። ከእሱ በፊት በደቡቡ ክፍል ትልቅ ከተማ የመራ ጥቁር አልነበረም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ሲል ያገኘው ነገር ምን መሰላችሁ? የከተማው ሕዝብ ግማሹ ጥቁር ሆኖ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ኮንትራት ለጥቁሮችና ለሌሎች አናሳዎች የሚደርሰው 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። ያኔ ደግሞ አዲስ ተርሚናል ሊሠራ ነው፣ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚበላ። ጃክሰን ከሥራው 25 በመቶው ለአናሳ ድርጅቶች ካልደረሰ ግንባታ የሚባል ነገር የለም ብሎ ድርቅ አለ። ነጋዴው ጮኸ፣ ባንኮቹ አኮረፉ፣ ሰውየው ንቅንቅ አላለም። ተርሚናሉ በ1980 ተከፈተ። ዛሬ በመንገደኛ ብዛት ከዓለም አንደኛ የሆነው አውሮፕላን ማረፊያ ይሄው ነው።

ለእኛ ለሐበሾች መቼም አትላንታ ማለት 1996 ነው። ኃይሌ በ10 ሺህ፣ ፋጡማ ሮባ በማራቶን። ያንን ኦሎምፒክ ለማምጣት ዓለምን ሲዞር የነበረው ከጃክሰን ቀጥሎ ከንቲባ የሆነው አንድሩ ያንግ ነው። በ1990 ዕጣው ለአትላንታ ሲወጣ ደግሞ ጃክሰን በድጋሚ ተመርጦ ቢሮው ውስጥ ነበር። አንዱ የጀመረውን ሌላው አላፈረሰም። እኔ ከመጣሁበት አገር አዲስ የተሾመ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የቀደመውን ሰው ፕላን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ስለሆነ፣ ይሄ ነገር ቅናት ቢጤ ለቀቀብኝ።

ጊዜው ጥቅምት 2024 ነው። ምርጫው ሳምንታት ቀርተውታል፣ አገር ምድሩ ስለ ፕሬዚዳንት ነው የሚያወራው። እኔ ግን ልቤ ያለው ከንቲባዎቹ ጋ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የአፍሪካ አሜሪካውያን ከንቲባዎች ማህበር 10ኛ ዓመቱን እዚሁ አትላንታ ሲያከብር ፎቶውን አይቻለሁ። በመላው አገሪቱ ያሉ ከ500 በላይ ጥቁር ከንቲባዎችን እወክላለሁ የሚል ማህበር ነው። ሱፍ፣ ባጅ፣ ቡፌ። ስብሰባ ያንገሸገሸኝ ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ «ከቡፌው በኋላስ?» የሚል ነበር። እናም የስብሰባውን አዳራሽ ትቼ ከተሞቹን ልይ አልኩ።

የአክስቴ ልጅ አትላንታ ነው የሚኖረው። ትራክ ነው የሚነዳው፣ ደቡቡን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ከመንገዳችን በፊት የጃክሰንን መቃብር ልይ ስለው ሳቀብኝ። «ሰው አትላንታ መጥቶ ኮካ ኮላ ሙዚየም ይሄዳል፣ አንቺ መቃብር!» ግን ወሰደኝ። ኦክላንድ የሚባል የጥንት መቃብር ነው፣ ከኋላው የመሃል ከተማው ፎቅ ይታያል። ባርነት እንዳይቀር ሲዋጉ የሞቱ በሺህ የሚቆጠሩ የኮንፌዴሬት (በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ስቴቶች) ወታደሮችም እዚያው ግቢ ውስጥ ተኝተዋል። ጎረቤት አይመረጥም።

ማክሰኞ፣ ተስኪጊ

በጠዋት ሃይዌይ 85ን ይዘን ወጣን። አላባማ ድንበር ስንሻገር ስልኬ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰው። «አላባማ ሁሌም ወደ ኋላ ነው» አለ የአክስቴ ልጅ፣ ቀልዱን ስንቴ እንደተናገረው ከፊቱ ያስታውቃል።

ተስኪጊ ትንሽዬ ከተማ ናት፣ ግን እኛ ኢትዮጵያውያን ዕዳ አለብን። ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የተማረው እዚህ ነው። መካኒክነት ተምሮ፣ ቺካጎ ሄዶ አብራሪ ሆኖ፣ ሙሶሊኒ ሊወረን ሲሰናዳ በ1935 መጥቶ ያችን በጣት የሚቆጠር አውሮፕላን ያላትን አየር ኃይላችንን የመራው ሰው። ከድሉ በኋላም ተመልሶ አብራሪ አሰልጥኗል። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ አዲስ አበባ ነው የተቀበረው። ተስኪጊ ላይ ስሙን የጠራሁለት የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ወዲያው አወቀው። አዲስ አበባ ላይ ስንቱ ያውቀዋል?

ወደ ከንቲባዎቹ ልመለስ። በ1957 የአላባማ ስቴት ምክር ቤት የተስኪጊን ወሰን እንደ አዲስ ሠራው። አራት ማዕዘን የነበረችው ከተማ ባለ 28 ጎን ሆነች። ለምን? ለመራጭነት ከተመዘገቡት 400 ገደማ ጥቁሮች አራት ወይም አምስት ብቻ እንዲቀሩ። ነጭ መራጭ አንድም አልወጣም። ሰዎቹ ከቤታቸው አልተነሱም፣ ወሰኑ ነው ከሥራቸው የሄደው። ማታ የተኛህባት ከተማ ጠዋት ስትነሳ ከተማህ አይደለችም ማለት ነው።

ቡና ልንጠጣ የቆምንበት ቤት ውስጥ የአክስቴ ልጅ ካርታውን ከስልኬ እያየ ናፕኪን ላይ ሊስለው ሞከረ። አሥራ ምናምነኛው ጎን ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ጣለው። «አይጥ የበላው እንጀራ ነው የሚመስለው» አለ።

ቻርልስ ጎሚሊየን የሚባሉ የተስኪጊ መምህርና ጓደኞቻቸው ከሰሱ፣ ገና ወጣት የነበረው ጠበቃ ፍሬድ ግሬይ ተከራከረላቸው፣ በ1960 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለእነሱ ፈረደ። አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1972፣ ጆኒ ፎርድ የከተማዋ የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባ ሆነ። ፎርድ መልአክ አይደለም፣ ፖለቲከኛ ነው። በተመረጠበት ዓመት ሪፐብሊካኑን ኒክሰንን ደግፏል። የዋሽንግተን ገንዘብ በማን በር እንደሚወጣ ያውቅ ነበር።

የእኔ ጥያቄ መልስ መታየት የጀመረው እዚህ ነው። በ1974 ሳውዝ ካሮላይና፣ ሳንቲ የምትባል ቦታ ላይ 13 የደቡብ ጥቁር ከንቲባዎች ተገናኝተው ማህበር መሠረቱ። ፎርድ አንዱ ነው። አስቡት እንግዲህ፣ አብዛኞቹ የትንንሽ ከተማ ሰዎች ናቸው፣ ቢሯቸው ሲገቡ ካዝናው ባዶ ነው፣ የስቴቱ መንግሥት ወሰንህን ቆርጦ ሊጥልህ የሚችል ዓይነት ነው፣ ከእነሱ በፊት ደግሞ ወንበሩን የያዘና «እንዲህ ሲሉህ እንዲህ በል» የሚላቸው ጥቁር የለም። ስለዚህ እርስ በርስ መጠየቅ ነው ያለው አማራጭ። ያ ማህበር አድጎ የመላው አገሪቱ ሆነና በ2014 በውስጥ ጭቅጭቅና በዕዳ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ነው የአሁኑ የተተካው። ማህበር ሲፈርስ ጊዜ አይፈጅም፣ ያን ያህል ፈጥኖ መነሳቱ ግን ያስገርማል።

ከመውጣታችን በፊት አደባባዩን ዞርነው። ከሞላ ጎደል ነዋሪዋ ሁሉ ጥቁር በሆነባት ከተማ መሃል ላይ የኮንፌዴሬት ወታደር ሐውልት። መሬቱ ከመቶ ዓመት በፊት ለኮንፌዴሬት ሴት ልጆች ማህበር የተሰጠ ስለሆነ ማንሳቱ ራሱን የቻለ ሙግት ነው። በ2021 ጆኒ ፎርድ፣ ያኔ የምክር ቤት አባል፣ በማንሻ መኪና ወደ ላይ ወጥቶ የሐውልቱን እግር በመጋዝ መቁረጥ ጀምሮ ነበር። ሸሪፉ መጥቶ አስቆመው። ከታች ሆኜ የመጋዙን ምልክት ፈለግኩ፣ አልታየኝም።

ረቡዕ፣ ሞንትጎመሪ

ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ የባርነትን ታሪክ የሚያሳየው ሌጋሲ ሙዚየምና መታሰቢያው እኛ ስንሄድ ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነበሩ። መግቢያው 5 ዶላር ነበር። ለመታሰቢያው ጊዜ ስጡት።

መታሰቢያው በመንጋ ተሰቅለው ለተገደሉ ጥቁሮች ነው። ከ800 በላይ የብረት ዓምድ አለ፣ እያንዳንዱ የአንድ ካውንቲ ስም፣ ከሥሩ የሟቾች ስምና ቀን። ስትገቡ ዓምዶቹ ከፊታችሁ ቆመዋል። ከዚያ ወለሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዓምዶቹ ግን ባሉበት ይቀራሉ። መጨረሻ ላይ ከራሳችሁ በላይ ተንጠልጥለው ታገኟቸዋላችሁ። አንዳንዱ ላይ ስም የለም፣ «ያልታወቀ» ነው የሚለው። አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን ይዘው የካውንቲያቸውን ዓምድ እየፈለጉ ነበር። ሲያገኙት ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳ ሲል «ቆይ፣ መጀመሪያ አንብበው» አሉት። ጮክ ብሎ አነበበ፣ ሁሉንም።

ከተማዋ የኮንፌዴሬቶች የመጀመሪያ ዋና ከተማ ነበረች። ሮዛ ፓርክስ በ1955 የአውቶቡስ ወንበሯን ለነጭ አልለቅም ብላ የታሰረችው እዚህ ነው፣ ሕዝቡ አውቶቡስ ትቶ 381 ቀን በእግሩ የሄደው እዚህ ነው። ያም ሆኖ ጥቁር ከንቲባ ለመምረጥ እስከ 2019 ጠብቃለች። ስቲቨን ሪድ ሲመረጥ ከተማዋ 200 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነበር የቀራት። ሪድ የከንቲባዎቹ ማህበር ፕሬዚዳንትም ሆኖ፣ ያየሁት የአትላንታው ጉባኤ ላይ ነው ወንበሩን ለሳቫናው ከንቲባ ለቫን ጆንሰን ያስረከበው።

ያ የተስኪጊው ጠበቃ ፍሬድ ግሬይ ትዝ አላችሁ? የሮዛ ፓርክስም ጠበቃ እሳቸው ነበሩ። ልጅ ሆነው ያደጉበት ጎዳና ግን ስሙ ጄፍ ዴቪስ ነበር፣ የኮንፌዴሬቶቹ ፕሬዚዳንት ስም። በ2021 ከተማዋ ጎዳናውን በፍሬድ ግሬይ ስም ሰየመችው። ስቴቱ ወዲያው ደብዳቤ ላከ፦ ከ40 ዓመት በላይ የቆየ መታሰቢያ መቀየር በሕግ የተከለከለ ነው፣ 25 ሺህ ዶላር ክፈሉ። ከየቦታው «እኛ እንከፍላለን» ያሉ ሰዎች ተነሱ። ይቺን 25 ሺህ ያዟት፣ በርሚንግሃም ላይ ትመለሳለች።

ምሳ ላይ ሳቅን። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፣ የደቡቦቹ ምግብ ቤት ገብተን ጎመን አገኘን ብለን ደስ አለን። ያው የእኛው ጎመን ነው፣ አሜሪካ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚሠራው በዚያው ቅጠል ነው። አስተናጋጇ ጎመን ብቻ ስናዝ አይታ «ማሬ፣ ውስጡ እኮ አሳማ አለው» አለችን። በቆሎ ቂጣ በልተን ወጣን። እሱም ቅቤና እንቁላል እንዳለው የአክስቴ ልጅ የነገረኝ ከበላሁ በኋላ ነው።

ሐሙስ፣ ሴልማ

ሃይዌይ 80። በ1965 የመምረጥ መብት የጠየቁት ጥቁር ሰልፈኞች ከሴልማ እስከ ሞንትጎመሪ በእግራቸው የሄዱበት መንገድ ነው፣ እኛ በተቃራኒው አቅጣጫ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነዳነው።

ድልድዩን ሁሉም ሰው በፎቶ ስለሚያውቀው ብዙ አልልም። ከድልድዩ ይልቅ ያስገረመኝ የከንቲባው ነገር ነው። በ1965 ፖሊስ ሰልፈኛውን ድልድዩ ላይ ሲቀጠቅጥ የሴልማ ከንቲባ ጆ ስሚዘርማን ነበር። ይሄው ሰው አንዴ ለአጭር ጊዜ ብቻ ወጣ ብሎ እስከ 2000 ድረስ ከንቲባ ነበር! በ2000 ጄምስ ፐርኪንስ አሸነፈው፣ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆነ። ቆይቶ በ2020 በድጋሚ ተመረጠ፣ እኛ ስንሄድም ወንበሩ ላይ እሱ ነበር።

ጥር 2023 ላይ ቶርኔዶ ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቋት አልፏል። እኛ ስንደርስ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ጣሪያው ላይ አሁንም ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበት ቤት አየን። በረንዳቸው ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ሰላም ስንላቸው ወሬ ጀመሩ። እርዳታ ለማግኘት ቤቱ የማን እንደሆነ ወረቀት አምጡ ተብለው፣ ቤቱ የአያታቸው ሆኖ ስሙ ስላልዞረ ተቸግረው ነበር። «ሰባ ዓመት የኖርኩበትን ቤት የእኔ መሆኑን የሚያውቀው ጎረቤቴ ነው፣ ጎረቤቴ ደግሞ ማህተም የለውም» አሉን።

ሴልማ 17 ሺህ ገደማ ሰው ነው ያላት። እንዲህ ያለ ማዘጋጃ ቤት ፕሮፖዛል የሚጽፍ፣ የፌዴራል ፎርም የሚሞላ፣ ጠዋት ማታ ዋሽንግተን የሚደውል ሰው ከየት ያመጣል? ገንዘቡ አለ፣ በሩን የሚያንኳኳ ነው የሚጠፋው። እዚህ ጋ ነው የማህበሩ ጥቅም የገባኝ። አትላንታ ያለ ማህበርም ትኖራለች፣ ጠበቃም ባለሙያም አላት። አንድ ጊዜ ፎርሙን የሞላ ሰው ስልክ ቁጥር ማግኘት ነፍስ የሚሆነው ለሴልማ ዓይነቷ ነው።

ዓርብ፣ በርሚንግሃም

ይቺኛዋ ከባድ ናት። በ1963 አራት ልጃገረዶች በቦምብ የሞቱባት ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ከፊት ለፊቷ ኬሊ ኢንግራም ፓርክ። ፓርኩ ውስጥ ያኔ ፖሊስ በሰልፈኛው ላይ የለቀቃቸውን ውሾች በብረት ሠርተዋቸዋል፣ ከግራና ከቀኝ ግድግዳ ወጥተው ሊነክሱህ ሲዘሉ በመካከላቸው ነው የምታልፈው። የአክስቴ ልጅ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ዞሮ ሄደ።

የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሪቻርድ አሪንግተን በ1979 ተመረጠ። በዚያው ዓመት ፖሊስ ቦኒታ ካርተር የምትባል የ20 ዓመት ልጅ ገድሎ ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር፣ ያ ቁጣ ነው ምርጫ ጣቢያ ድረስ የሄደው። አሪንግተን 20 ዓመት መራ። አሁን ያለው ራንዳል ዉድፊን በ2017 ሲመረጥ 36 ዓመቱ ነበር።

የ25 ሺህዋ ዶላር እነሆ። ሊን ፓርክ ውስጥ የኮንፌዴሬት ሐውልት ነበር። በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ የሚባለው ጥቁር በፖሊስ ሲገደል ሰልፈኛው ሊገነድሰው ተነሳ። ዉድፊን መጥቶ «ለእኔ ተዉት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለና በማግስቱ በክሬን አስነሳው። ስቴቱ 25 ሺህ ቀጣ። ሞንትጎመሪ በቀጣዩ ዓመት የጎዳናውን ስም ስትቀይር ዋጋውን አስቀድማ ታውቃለች። ጎረቤቷ ከፍላ አይታዋለቻ!

ሁሉም ነገር ግን በ25 ሺህ አያልቅም። በርሚንግሃም ዝቅተኛውን የሰዓት ደመወዝ ወደ 10.10 ዶላር ከፍ ለማድረግ ወስና ነበር። በ2016 የስቴቱ ምክር ቤት ተሽቀዳድሞ «ከተማ የራሱን ደመወዝ መወሰን አይችልም» የሚል ሕግ አወጣ። በቃ፣ ሞተ። ደመወዙ የፌዴራሉ 7.25 ላይ ቀረ። ተስኪጊ ላይ ወሰን ቆረጡ፣ እዚህ ደመወዝ ቆረጡ።

ታዲያ ከንቲባ በሕግ መንገድ ሲዘጋበት በሌላ በኩል ይዞራል። ስቶክተን፣ ካሊፎርኒያ፣ ማይክል ተብስ የሚባል ወጣት ጥቁር ከንቲባ ነበር፤ በ2019 ለ125 ነዋሪዎች በየወሩ 500 ዶላር ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ መስጠት ጀመረ። በ2020 ደግሞ ሌሎች ከንቲባዎችን አሰባስቦ ሙከራውን በየከተማቸው እንዲያደርጉት ኅብረት ፈጠረ። በርሚንግሃም ገባችበት፦ 110 ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች፣ በወር 375 ዶላር፣ ለአንድ ዓመት። ጥቂት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለዚህ የስቴቱን ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለገም።

እኛ ስንደርስ ከተማዋ ሐዘን ላይ ነበረች። መስከረም ላይ ፋይቭ ፖይንትስ በሚባለው የመዝናኛ ሰፈር ተኩስ ተከፍቶ አራት ሰው ሞቶ ብዙ ሰው ቆስሏል። ዓመቱም በግድያ ብዛት ከከፉት አንዱ ነበር። ያደርንበት ቤት ባለቤት ዉድፊንን አይወዱትም። «ቴሌቪዥን ላይ ያምርበታል» አሉ፣ በዚያው ዘጉት። ባልቲሞርን አነሳሁባቸው። እዚያ ከ2015 እስከ 2022 በየዓመቱ ከ300 በላይ ሰው ይገደል ነበር። ከንቲባው ብራንደን ስኮት የሚተኩሱት ጥቂቶች ናቸው ብሎ፣ እነሱን በስም ለይቶ፣ ወይ ሥራና እርዳታ ተቀበል ወይ ክስ ይጠብቅሃል የሚል አሠራር አመጣ። 2024 ሲዘጋ ቁጥሩ 201 ሆነ። ባልቲሞር የደረሰበትን መንገድ በርሚንግሃም ከዜሮ የምትጀምርበት ምክንያት አይታየኝም፣ ሁለቱ ከንቲባዎች የአንድ ማህበር ሰዎች ናቸው።

የቤቱ ባለቤት ግን ሌላ ነገር ነገሩኝ። ዋናው ጣጣ ሽጉጥን መትረየስ የምታደርግ ጣት የማታህል ቁራጭ ናት፣ ግሎክ ስዊች ይሏታል። በፌዴራል ሕግ ክልክል ናት፣ በአላባማ ሕግ ግን የለችም፣ ስለዚህ የስቴቱ አቃቤ ሕግ በእሷ ሊከስ አይችልም። የአሥሩ ትላልቅ የአላባማ ከተሞች ከንቲባዎች፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ዴሞክራቱም ሪፐብሊካኑም፣ ትከልከል እያሉ ስቴቱን ይወተውታሉ አሉ። «የሚሰማቸው ካለ» ብለው ሳቁ።

ቅዳሜ፣ መልስ

ሃይዌይ 20፣ ዝናብ፣ ጭነት መኪና በጭነት መኪና። ስንመጣ የተበደርናትን ሰዓት ድንበሩ ላይ መልሰን ከፈልን። የአክስቴ ልጅ መንገዱን በሙሉ ስለ ናፍጣ ዋጋ ነው ያወራው።

መጋቢት 2025 ላይ፣ እኔ አዲስ አበባ ከተመለስኩ ከወራት በኋላ፣ ቴሌግራም ላይ ጻፈልኝ። የአላባማ ምክር ቤት ያችን ቁራጭ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል፣ ገዢዋም ፈርመዋል። «አሥሩ ከንቲባዎች አሸነፉ» ይላል።

ደመወዙስ? አልኩት።

«7.25» ብሎ መለሰልኝ።